ወደ አየለች የሚያጋድል ዝናብ

መሐል ሜዳ፣ መጋቢት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአጎቴ ልጅ ለስመኝ፤

በሰው አገር በሰላም ያዋለሽ አምላክ በሰላም ያሳድርሽ። መድኃኔዓለም በወጣሽበት በር ይመልስሽ። እኔ ከቁርጥማቴ በቀር ደህና ነኝ። የአያታችን የይታየው ቤትም እንደ ቆመ ነው፤ እኔ በዚህ በኩል፣ ወንድምሽ መኳንንትና ሚስቱ አየለች በዚያ በኩል፣ መካከላችን አንድ ግድግዳ።

የስልኩ መስመር ከጠፋ ወዲህ ድምፅሽን ከሰማሁ ቆየሁ። ድሮስ መቼ እሰማው ነበር? የምትደውዪው ለአየለች ነው። እሷ ከግድግዳው ወዲያ ስትስቅ ስትስቅ አምሽታ በመጨረሻ «እትዬን ሰላም በይልኝ ብላለች» ትለኝ ነበር። የምደርሰው ትርፍራፊው ላይ ነው። አሁን ግን በደብዳቤ ሆነ። አየለች ደግሞ ፊደል አትለይም።

በልጉ ዘንድሮ ቀረ። ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ የበግ ጠጉር አጥቤ፣ ነድፌ፣ ባና ብርድ ልብስ ለሚሠሩ ሸማኔዎች ማስረከብ ነው። ቅባቱና ጉድፉ ያልወጣ ጠጉር አይፈተልም፤ እሱን ለማውጣት ደግሞ ውሃ ይፈልጋል፣ ብዙ ውሃ። አህያዬ ቦኖ ስትመላለስ ጀርባዋ ተልጧል። ወንዳፈራሁ ሸማኔው ባለፈው ገበያ «እትዬ፣ እስከ መስከረም ድረስ ንጹሕ ጠጉር ካላገኘሁ ከራቤል ሰዎች ነው የምገዛው» አለኝ። እሱ ከሄደ ሌላ ደንበኛ የለኝም።

ይህን የጻፍኩት ልለምንሽ አይደለም። መኳንንት ከደብረ ብርሃን ሲመለስ በሚነዳው ሚኒባስ አናት ላይ ጥቁር ሮቶ ጭኖ መጣ። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየ። «ስመኝ የላከችው ነው፤ የጣራ ውሃ ልናጠራቅምበት ነው» አለ። አየለች ደጅ ተተከለ። አሸንዳውም በእነሱ በኩል ባለው ጣራ ብቻ ተገጠመ። እኔም እልል አልኩ። ሰው እንዲሰማ ከሁሉም አስበልጬ እልል አልኩ።

ደስ ብሎኛል፣ እህቴ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ጠጉር አጣቢዋ እኔ እያለሁ ውሃው ለዳቦ ጋጋሪዋ ለአየለች የተላከው ለምንድን ነው? መልሱ የሚያሳዝነኝ ከሆነ አትጻፊው።

ይዘንጋሽ

አማን፣ ግንቦት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ ይዘንጋሽ፤

ጤናሽን ያብዛልኝ፤ ቁርጥማትሽን ለድንጋይ ይስጥልኝ። ዘግይቼ ከሆነ አትቀየሚኝ፤ ደብዳቤሽ የደረሰኝ በፋሲካ ማግስት ነው፣ ይህንንም ወደ አገር የምትገባ ልጅ እስካገኝ ጠበቅሁ።

እትዬ፣ ሮቶው ለሁለታችሁ ነው። መኳንንትን ስልኩ ሳይጠፋ «ከቤቱ ጀርባ በመካከል ትከለው፣ አሸንዳው በሁለቱም በኩል ይዙር» ብዬዋለሁ። ወንድሜን ታውቂው የለ? ነገር የሚሰማው መሪ እንደ ያዘ ነው፤ የፈለገውን ሰምቶ ያልፋል። ይህን ከሰላምታዬ ጋር ለአየለች አንብቢላት፣ እሷም ክፉ አይደለችም።

እዚህ አገር ውሃ በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚመጣው። በየቤቱ ጣራ ላይ ሮቶ አለ። እመቤቲቱ ልብስ የምታሳጥበኝ ውሃ በሚመጣበት ቀን ነው፤ የልብሱ የመጨረሻ እጣቢ ለወለል ይሆናል፣ የወለሉም ለሽንት ቤት። እኔ በቤታችን አንድ እንስራ ውሃ ሦስት ጊዜ ሥራ ላይ ሲውል አላየሁም። አንቺም ጠጉር ስታጥቢ የመጨረሻውን እጣቢ አትድፊው፤ ለሚቀጥለው ጠጉር መጀመሪያ ይሁን። ቅባታሙን ደግሞ ጎመኑ ሥር አፍስሺው።

ሮቶው ክዳኑ ሁልጊዜ ይዘጋ። አፉ ላይ ወንፊት ይታሰርበት። ከሁሉም በላይ ግን የመጀመሪያውን ዝናብ ወደ ሮቶው አታስገቡት። ጣራው በበጋ ያጠራቀመው አቧራ፣ የእርግብ ኩስ፣ የምድጃው ጥላሸት ሁሉ በመጀመሪያው ዝናብ ነው የሚወርደው። ቱቦውን ወደ ውጭ አዙሩት፣ ጣራው ይታጠብ፣ ውሃው መልኩ ሲጠራ መልሱት። ይህን ካላደረጋችሁ ክረምቱን ሙሉ የምትጠጡት የጣራ እጣቢ ነው። አደራሽን፣ ለአየለች ንገሪያት፤ ለዳቦ ነውና የምትፈልገው።

ስመኝ

መሐል ሜዳ፣ ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለስመኝ፤

ጾመ ፍልሰታን በሰላም ያስፈጽምሽ። ደብዳቤሽ በሰኔ መግቢያ ደረሰኝ። እጄ እስኪፈታ ሳልመልስልሽ ቀረሁ።

እንዳልሽው ወደ አየለች ሄድኩ። ሊጥ ታቦካ ነበር። «ሮቶው የሁለታችን ነው ብላለች» አልኳት።

«ማን አለች?»

«ስመኝ። ይኸው ጽፋለች።»

ከሊጧ ቀና አላለችም። «እትዬ፣ ስመኝ ስትደውል ይህን ለእኔ አላለችኝም። ወረቀቱ አንቺ እጅ ከገባ አንቺን ይመስላል። ባሌ በመኪናው አናት ተሸክሞ ያመጣውን ውሃ በወረቀት ልትወስጂብኝ ነው?»

እንዲህ አለችኝ፤ ለእኔ ፊደል ከስኳር መጠቅለያ ለቅሜ ለተማርኩት። ደብዳቤውን አጥፌ ወጣሁ።

ነገሩ ወደ ሽምግልና ሄደ። አባ ገብረ ክርስቶስ ቤቱን ዞረው ዞረው አዩና «የቤት ወሰኑ እስከ ጠፈጠፉ ነው፤ ከአባት የወረስነው ይህንን ነው። የየራሳችሁን ጠፈጠፍ ያዙ» ብለው ፈረዱ። ፍርዱ ሲሰሙት እኩል ነው። ግን የመንዝ ዝናብ ቀጥ ብሎ ይወርዳል? ነፋሱ በዚያ በኩል ነው የሚመጣው፤ ዝናቡ አጋድሎ የሚመታው የአየለችን ወገን ነው። በእሷ አሸንዳ ወንዝ ሲወርድ በእኔ ጠፈጠፍ ሥር የደረደርኳቸው ሳፋዎች በእንባ ልክ ነው የሚሞሉት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ እንጂ ሰማዩም ወደ እሷ ያደላል።

በሰኔ ማብቂያ የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ። አየለች በነጠላዋ ራሷን ሸፍና፣ አንዲት ጠብታ እንዳታመልጣት ቱቦውን በሁለት እጇ ከሮቶው አፍ ጋር ደግፋ ቆመች። በመስኮቴ አየኋት። ቆማ እስክትጨርስ አየኋት።

ሰላምታሽን አንብቤላታለሁ።

ዳቦዋ ግን ዘንድሮ አልሆነላትም። በመጀመሪያው ሳምንት ሰው ተሻምቶ ገዛት፤ በሁለተኛው መሸሽ ጀመረ። አንዱ የሚኒባስ ረዳት «አየለች፣ ዳቦሽ ጣራ ጣራ ይላል፣ ሚስማሩን ብቻ አላገኘሁትም» ብሎ ገበያ መሐል አሳቀባት። ከእሷ ይወስድ የነበረው ሻይ ቤት ሌላ ዘንድ ሄደ። ሮቶው ሙሉ ሆኖ እሷ ጀሪካን ይዛ ቦኖ ትሰለፋለች፤ አንዳንድ ቀን ወረፋው ላይ እንገናኛለን። እኔ ምንም አልላትም።

ጠጉሬ ገና አልታጠበም። መስከረም ደርሶብኛል።

ይዘንጋሽ

አማን፣ ጥቅምት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ይዘንጋሽ፤

አዲሱን ዓመት የፍቅር ያድርግልን፤ ሰላም ለአንቺ፣ ሰላም ለቤቱ። ደብዳቤሽን ጣራ ላይ ወጥቼ አነበብኩት። እዚህ ብቻዬን የምሆነው እሱ ጋ ነው። ውሃ በሚመጣበት ቀን ሮቶው መሙላቱን የማየው እኔ ነኝ።

ልንገርሽ፣ ቀናሁ። አትሳቂ። እዚያ ላይ ቆሜ የሰው ሮቶ እያንኳኳሁ፣ እናንተ በአያታችን ጣራ ሥር ቁጭ ብላችሁ ከሰማይ በነጻ በወረደ ውሃ ትጣላላችሁ። አየለች ዳቦ የምትጋግርበት ክፍል እናቴ የሞተችበት ነው። አንቺ በየቀኑ ታዪዋለሽ። እኔ የላክሁት ፕላስቲክ እንኳ እዚያ ሲቆም እኔ እዚህ ነኝ። ሮቶውን ስገዛ ያሰብኩት አንዷ ቧንቧውን ስትከፍት «ስመኝ እግዜር ይስጣት» ትል ይሆናል ብዬ ነበር። አሁን የእኔ ስም የሚጠራው በሽማግሌ ፊት ነው።

እሱ ይቆየን። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። አየለች የመጀመሪያውን ዝናብ ለምን ወደ ሮቶው አስገባችው? እኔ ጽፌልሽ ነበር። ነገርሻት?

መልሱን ጻፊልኝ።

ስመኝ

መሐል ሜዳ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለስመኝ፤

የልደቱ ጌታ በረድኤቱ ይጎብኝሽ። ብርዱ ዘንድሮ አጥንት ይሰብራል፤ ሌሊት የጣለው ውርጭ ገብሱን አቃጥሎታል።

ደስ የሚል ወሬ አለኝ። በመስከረም መጀመሪያ አየለች በሬን አንኳኳች። ባዶ እጇን ነበረች። «እትዬ፣ ያ ውሃ ለእኔ ዳቦ አይሆንም። ልደፋው ነበር፣ ግን ልቤ እንቢ አለኝ። ለጠጉርሽ ይሆናል?» አለችኝ። ይሆናል አልኳት። «እንግዲያው ውሰጂው። ስመኝ ለሁለታችን ብላ ከሆነም የእኔ ድርሻ ይኸው አለቀ» አለችና ሄደች።

ሮቶውን ሙሉ ሰጠችኝ፣ ስመኝ። ሙሉውን።

የጣራ ውሃ ለጠጉር እንዴት እንደሚስማማ ልነግርሽ አልችልም። ሳሙናው ትንሽ ሲነካው አረፋ በአረፋ ይሆናል፤ የቦኖው ውሃ እንዲህ አያደርግም። አንቺ እንዳልሽው የመጨረሻውን እጣቢ ለሚቀጥለው መጀመሪያ አደረግሁት፤ ቅባታሙን ለጎመኑ። ጎመኑ ቅጠሉ የሰው ጀርባ አከለ። ወንዳፈራሁ ጠጉሩን በእጁ ዘርግቶ «እትዬ፣ ይሄ በግ ነው ወይስ ደመና?» አለኝ። ወደ ራቤል መሄዱን ተወው። የቀየት አገር ሸማኔዎችም ጠጉር ፈልገው ልከውብኛል።

አየለች ግን ምድጃዋን የምታቀጣጥለው በሁለት ቀን አንዴ ሆኗል። ከቦኖ ተሸክማ ምን ያህል ታቦካለች? ጠጉሬን ግቢ ውስጥ ሳሰጣ በአጠገቤ ታልፋለች። «ነጣልሽ፣ እትዬ» ትለኛለች። ያ ነገር ከስድብ ይብሳል።

ሌላ ወሬ የለኝም።

ይዘንጋሽ

አማን፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ይዘንጋሽ፤

እንዴት ከርመሻል፤ እግዚአብሔር በቸርነቱ ያቆይሽ።

ስለ ጠጉሩ ደስ ብሎኛል። የጠየቅሁሽ ግን ስለ ጠጉሩ አይደለም።

ስመኝ

መሐል ሜዳ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለስመኝ፤

ዐቢይ ጾም እያለቀ ነው፤ ትንሣኤውን በደስታ ያሳይሽ። አጭሯ ደብዳቤሽ ከረጅሞቹ ሁሉ ከበደችኝ። መልሷን በወረቀት ከመጻፌ በፊት በሌላ መንገድ መለስኩት፤ እንደሆነው ልንገርሽ።

ዘንድሮ በልጉ መጣ። ከመምጣቱ በፊት አየለች ባዶውን ሮቶ አጋድማ፣ ውስጡ ገብታ በአመድና በገለባ ፈተገችው። ከውስጥ ስታዜም ድምፅዋ እንደ ደወል ይወጣ ነበር። «ዓምና ያበላሸው ዕቃው አዲስ ስለሆነ ነው፤ የፕላስቲክ ሽታ ነው» ብላ አምናለች። ሻይ ቤቱንም «ለፋሲካ ሞክሩኝ» ብላ ለምናለች። ይህ ካልሆነ መኳንንት ምድጃውን አፍርሶ ክፍሉን ሊያከራየው ነው፤ እሷም ወደ እናቷ አገር ወደ ግሼ ልትመለስ እንደምትችል ሰምቻለሁ።

እኔ ምን እንዳሰብኩ ልጻፍልሽ? ውሃው ከገማ እንደ ዓምናው ለጠጉሬ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ዝም ካልኩ ሮቶውም፣ የዚያ ወገን ጣራም የእኔ ነው። አንቺም ስትጽፊ ለእኔ ብቻ ነው የምትጽፊው። ይህን ሁለት ሳምንት ሙሉ አሰብኩት፤ ጾም ይዤ።

በመጋቢት ማለቂያ፣ እኩለ ቀን ላይ ሰማዩ ጠቆረ። አየለች ዱቄት ልታስገባ ገበያ ነበረች። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ቆርቆሮውን ሲመቱት እኔ ጠጉር እየነደፍኩ ነበር። ደጋኑን ጣልኩ። ምን እንዳነሣኝ አላውቅም። የሷን መሰላል ሮቶው ላይ አስደግፌ ወጣሁ፤ በዚህ ጉልበቴ! ቱቦውን ከአፉ ነቅዬ ወደ ውጭ አዞርኩት። የሚይዘው ስላጣሁ ሮቶው አናት ላይ በቅሎ እንደ ወጣ ሰው ተቀምጬ በእጄ ያዝኩት።

አየለች ዱቄቱን በራሷ ተሸክማ እየሮጠች ስትገባ አየችኝ።

«አንቺ ሴትዮ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«ይፍሰስ!»

«ስድስት ወር የለመንኩትን ዝናብ ልታፈስሺብኝ? የእኔ ውሃ ማግኘት ይህን ያህል ያቃጥልሻል? ውረጂ! ምቀኛ!»

«ጣራው ይታጠብ ነው የምልሽ! የሚወርደውን እዪው!»

አየች። ከቱቦው የሚወርደው እንደ ጠላ ድፍድፍ ጥቁር ነበር፤ ላባ አለበት፣ የምድጃዋ ጥላሸት አለበት፣ የእርግብ ኩስ አለበት። እግሯ ሥር እየተንፏቀቀ ወደ ቦዩ ሄደ። ዱቄቱን ደጃፏ ላይ አኖረችና ቆመች።

«ዓምና ዳቦሽን ያገማው ይህ ነው» አልኳት። «መልኩ ሲጠራ ወደ ሮቶው ትመልሺዋለሽ። የሚሠራው እንዲህ ነው።»

«ማን ነገረሽ?»

«ስመኝ ጻፈች።»

«መቼ?»

ሰሞኑን ማለት እችል ነበር፣ ስመኝ። ደብዳቤው ያለው እኔ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ቀኑን እሷ አታነበውም። አንቺም ሩቅ ነሽ።

«ዓምና፣ በግንቦት» አልኳት።

ዝናቡ እየወረደባት ትንሽ አየችኝ። ከዚያ መሰላሉን አነሣች፣ በትከሻዋ አደረገችው፣ ይዛው ወደ ቤት ገባች። በሩንም ዘጋችው።

እኔ እላይ ቀረሁ። ዝናቡ አጋድሎ ይመታኛል፤ ያን ሁሉ ጊዜ የቀናሁበት ዝናብ ሁሉ ወደ እኔ መጣ። ውሃው ከጥቁር ወደ ቡናማ፣ ከቡናማ ወደ ገብስ መልክ ሲሄድ አየሁ። በመዳፌ ቀድቼ አየሁት፣ ቀመስኩት። «ጠራ!» ብዬ ጮህኩ። ማንም አልወጣም። ቱቦውን ራሴ መለስኩት፤ ሮቶው ከበታቼ እንደ ከበሮ ይመታ ጀመር። በመንገድ የሚያልፍ አንድ ሰው ቆም ብሎ «እሜቴ፣ እዚያ ላይ ምን ይሠራሉ?» አለኝ። «ውሃ እጠብቃለሁ» አልኩት። «ከማን?» አለኝ።

አየለች የወጣችው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። መሰላሉን አስደገፈች። «ውረጂ» አለች። «አልማርኩሽም። ግን እዚያ ላይ በርዶሽ ብትሞቺ የተዝካርሽን ዳቦ የምጋግረው እኔ ነኝ፤ ሥራ አለብኝ።» ስወርድ መሰላሉ አንሸራተተኝና በብብቴ ያዘችኝ። የያዘችኝ ግን አጥብቃ ነው፤ እስካሁን ሰንበር አለብኝ።

በማግስቱ ደብዳቤዎችሽን ሁሉ አስመጣችኝ። አንድ በአንድ አነበብኩላት፤ «እሷም ክፉ አይደለችም» ያልሽውን ስትሰማ ፊቷን አዞረች። ከዚያ ወረቀቶቹን ሰብስባ ወደ አባ ገብረ ክርስቶስ ወስዳ ሁለተኛ አስነበበች፤ እኔ ያነበብኩት ቃል በቃል መግጠሙን ልታይ። ገጠመ። አባም ፍርዳቸውን አነሡ፦ «ጠፈጠፉ አንድ ይሁን፤ የጻፈችው እንዳለችው ይደረግ።» መኳንንት አሸንዳውን በእኔም በኩል አዙሮ ሁለቱን ከአንድ ቱቦ ጋር አገናኘው። ሮቶውም ወደ ቤቱ ጀርባ ሄዷል። ለዳቦው ይቀድማል፣ የተረፈው ለጠጉር። የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ቱቦውን የማዞረው እኔ ነኝ፤ «ከገማ ማንን እንደምጠይቅ አውቃለሁ» ብላለች።

ሻይ ቤቱ ትናንት ሃምሳ ዳቦ ወሰደ። አንዱን ቆርሳ ሰጠችኝና አፌን እያየች ቆመች። «ጣራ ጣራ ይላል?» አለችኝ። አይልም አልኳት። ስቃ ሳይሆን ተቆጥታ ገባች።

እና ስመኝ፣ ነግሬያት ነበር ወይ ላልሽው፣ አልነገርኳትም ነበር። ከእንግዲህ ለእኔ ብቻ አትጻፊልኝ። አየለች አጠገቤ ተቀምጣ የምጽፈውን ጣቴን እየተከተለች ታያለች፤ «ስሜ የቱ ጋ ነው?» እያለች ታስቸግረኛለች፤ አሳይቻታለሁ። ፖስታው ላይ የሁለታችንንም ስም ጻፊ፤ ማንም ይቀበለው፣ ሁለታችንም ሳንኖር አይከፈትም።

የእኔን ስም ግን አስቀድሚው። በዕድሜ እበልጣታለሁ።

ይዘንጋሽና አየለች